ገጽ ሰማንያ ሰባት

«ፈርሟል እኮ፣ ጋሼ! ይኸው፣ በገዛ እጁ ፈርሟል።»

አሰልጣኙ መጽሐፉን ከኋላ በኩል ገለጠና የመጨረሻውን ገጽ ለአባቷ ዘረጋለት። ልጅቷ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ ርቀት ሆና እንኳ የወንድሟን ፊርማ ለየችው። ጫፉ ላይ መልሕቅ የምትመስል ጭረት አለችው፤ ወንድሟ ያቺን ጭረት ለማሳመር አንድ ደብተር ሙሉ ጨርሷል።

ወንድሟ ሐይቁ ውስጥ ከሰጠመ ሦስት ሳምንቱ ነው። የውሃ ስፖርት ክበቡ አሰልጣኝ ዛሬ የመጣው ቦርሳውንና ጫማውን ሊመልስ ነበር። እነሱን ካስረከበ በኋላ ግን ሻይ እስኪቀርብለት እንኳ ሳይጠብቅ ክርክር ጀመረ።

«ልወቅሰው አይደለም፤ ነፍሱን ይማር። ግን ሰፈሩ ሁሉ ጣቱን ክበቡ ላይ ሲቀስር ዝም ልል አልችልም። መጽሐፉ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። ጀልባህ ቢገለበጥ አትልቀቀው፤ ሰው እስኪደርስልህ ይዘኸው ቆይ ይላል። እሱ ግን ለቆ ወደ ዳር ዋኘ። ጀልባዋ ይኸው ስትንሳፈፍ ተገኘች፤ ቀለሟ እንኳ አልተላጠም።»

«ታዲያ ምን እያልከኝ ነው?» አለ አባቷ።

«ሳያነብ ፈረመ እያልኩ ነዋ! ሌላ ምን ይባላል?»

ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ አልጋው ሲጢጥ አለ። እናቷ ናት። ከቀብሩ ወዲህ ከዚያ ክፍል የምትወጣው ፊቷን ለመታጠብ ብቻ ነው። አሁን ግን እየሰማች ነው።

አባቷ በያጅ ነው። የእሳት ፍንጣሪ ነጠብጣብ ያስቀረባቸውን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊርማውን ለረጅም ጊዜ አየው። «ልጄ ሳያነብ አይፈርምም» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ግን የሚመልስ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ልጅቷን አንጀቷን የበላት ይኼ ነው።

የክበቡ ሕግ እንዲህ ነበር። ስለ ትንንሽ ጀልባ አያያዝ የሚያስተምር አንድ መጽሐፍ አለ፤ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣ መቶ ስልሳ ገጽ። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንብቦ የጨረሰ የመጨረሻው ገጽ ላይ ይፈርማል፤ የፈረመ እሁድ ብቻውን ጀልባ ይዞ ይወጣል። በቃ። ጥያቄ የለ፣ ፈተና የለ፣ «እስቲ ይቺን አስረዳኝ» የሚል ሰው የለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሠላሳና አርባ ልጅ በዚህ ፊርማ ውሃ ላይ ወጥቷል። ለዘጠኝ ጀልባ አራት የመንሳፈፊያ ጃኬት ብቻ ያለው ክበብ፣ ፊርማ በመሰብሰብ ግን የበረታ ነው። አንድ ልጅ ሲሞት ደግሞ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፊርማው ነው።

«የቱ ገጽ ላይ ነው?» አለ አባቷ።

አሰልጣኙ መጽሐፉን ገልጦ አላየም። ዘግቶ ብብቱ ውስጥ አደረገው። «እሱን በቃሌ ነው የማውቀው። ሰማንያ ምናምን ላይ ነው።»

ትሪው ዘመም አለ። ሻዩ ከብርጭቆዎቹ ፈስሶ የልጅቷን ጣቶች አቃጠላቸው። 

ሰማንያ ምናምን። ገጽ ሰማንያ ሰባት መጽሐፉ ውስጥ የለም። ገጽ ሰማንያ ሰባት ያለው ትምህርት ቤት፣ የእሷ መማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው።

ልጅቷን መቀስ ብሎ ስም ያወጣላት ወንድሟ ነበር። የጋዜጣ ሥዕል፣ የካላንደር ሥዕል፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ያለች አበባ፣ ያገኘችውን ቆርጣ ትለጥፋለች። «ይቺ ልጅ አንድ ቀን እኔንም ዙሪያዬን ቆርጣ ግድግዳ ላይ ትሰቅለኛለች» ይል ነበር።

እሱ ደግሞ የመጽሐፍ ሰው ነው፤ ያውም የውሃ መጽሐፍ። በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ አቧራ ሲጠጡ የኖሩትን ስለ መርከብ አነዳድ፣ ስለ ገመድ አስተሳሰር፣ ስለ ማዕበል፣ ውቅያኖስ ስላቋረጡ ሰዎች የተጻፉትን አንድ በአንድ አምጥቶ ጨርሷቸዋል። ባሕር አይቶ አያውቅም። ያለው ሐይቅ ነው። «ሐይቅ ማለት ገና አሥረኛ ክፍል ያለ ባሕር ነው» እያለ ያስቃቸዋል። ሲያነብ እርሳሱ ከጆሮው ላይ አይወርድም። ያልገባው ነገር ጎን «ይጠየቅ» ብሎ ይጽፋል፤ ጠይቆ ሲረዳው ራይት ያደርግበታል። ያ ሁሉ መርከብ ግን ስለ ትንሽ ጀልባ ያስተማረው ነገር አልነበረም። ስለ ትንሽ ጀልባ የሚያወራው የክበቡ መጽሐፍ ብቻ ነው።

መጽሐፉ ተራው ደርሶት ቤት የገባ ሰሞን፣ የጂኦግራፊ መምህርቷ «የመጓጓዣ ታሪክ» የሚል ኤግዚቢሽን አዘዘች። ወንድሟ ኳስ ሊጫወት ወጥቷል፤ መጽሐፉ አልጋው ላይ ነው። መቀስ ገለጥ ገለጥ ስታደርግ ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ ሙሉ ገጽ የያዘ የሸራ መርከብ አገኘች፤ ሸራዎቹ በነፋስ የተወጠሩ፣ ሥሩ ማዕበል።  ከመጽሐፉ ጀርባ ጥግ ጥጉን፣ ማንም እንዳያውቅ አድርጋ ቆረጠችው። ከኋላው ምን እንደተጻፈ አላነበበችም። ጽሑፍ ነበር። ለእሷ ደግሞ ጽሑፉ ያለበት ወገን ኮላ የሚቀባበት ወገን ነው።

ካርቶን ላይ ለጥፋ ያቀረበችው ፖስተር አንደኛ ወጣ፤ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አጨበጨቡላት።

በሦስተኛው ቀን ወንድሟ እዚያ ገጽ ደረሰ።

«መቀስ!»

«አቤት!»

«ከዚህ መጽሐፍ የወሰድሽው ነገር አለ?»

«እኔ? የሰው መጽሐፍ ምን አገባኝ!»

«እንዴ፣ ሰማንያ ሰባትና ሰማንያ ስምንት የሉም እኮ። ማ ይሙት በይ።»

«አንተ ትሙት! አልነካሁም። እንደዚሁ ሆኖ ነው የመጣው።»

ወንድሟ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አልጋው ላይ ተዘረረ። «በቃ ገደልሽኝ» አለና ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣ አንድ ነገር ጻፈና ንባቡን ቀጠለ። አምኗት ነበር።

አሰልጣኙ ከሄደ በኋላ በማግስቱ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቁንጫ ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ቁንጫ የሚሏት አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ስለማትችል ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ብብቷ ሥር በፕላስተር የተጠገነ መጽሐፍ ይዛለች።

«ትናንት ነው አሰልጣኙ የሰጠኝ» አለች፤ ከዚያ የማን እጅ ላይ እንደነበረ ትዝ አላትና ፊቷ ተቀየረ። «ይቅርታ። ላሳይሽ አልፈለግኩም ነበር።»

«የት ደርሰሻል?»

«ግማሹን አገባድጄዋለሁ። ቅዳሜ እፈርማለሁ፣ እሁድ ውሃ ላይ ነኝ። ዓሣ ሁሉ ሻንጣውን ይሸክፍ!»

«ሰማንያ ሰባትን አነበብሽው?»

«ኧረ እሱ የለም። ከሰማንያ ስድስት ዘሎ ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ምን ችግር አለው? መቶ ስልሳ ገጽ ነው እኮ፣ አንድ ቅጠል ብትጎድል ማን ያውቃል።»

መቀስ እጇን ይዛ እየጎተተች ወደ ክፍላቸው ወሰደቻት። ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ነበር። ወንበር ላይ ወጥታ ፖስተሩን ከግድግዳው አወረደች፤ ጥግ ላይ የተለጠፈው የ«አንደኛ» ሪባን ተቀዶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ካርቶኑን ይዛ ወደ ውሃ ቧንቧው ሄደች፤ ቁንጫ «አብደሻል እንዴ? መምህርቷ ትገልሻለች!» እያለች ተከተለቻት።

ኮላውን ራሷ ነበረች ከዱቄት ያፈላችው። ውሃ ሲነካው ለሰለሰ። የሸራ መርከቡ ቀስ በቀስ፣ ከአንድ ጥግ ጀምሮ፣ ከካርቶኑ ተላቀቀ። ገለበጠችው። ፊደሎቹ ተለጥፈው እንደኖሩ ደብዘዝ ብለዋል፤ ግን ይነበባሉ።

«የመጽሐፉን ሰማንያ ስድስት ግለጪ» አለቻት።

ቁንጫ ገለጠች። የገጹ የመጨረሻ መስመር «ጀልባህ ቢገለበጥ ከሁሉ አስቀድሞ» ብሎ ያበቃል።

መቀስ ከእርጥቡ ወረቀት ላይ ቀጠለች። «... ጀልባህን ያዝ። የተገለበጠ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥምም። ዳሩ ቅርብ መስሎ ይታይሃል፤ አይደለም። የቱንም ያህል ዋና ብትችል ጀልባህን ለቀህ አትዋኝ።»

ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻለችም። ወንድሟ ዋና ይችል ነበር። ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ቁንጫ የገጽ ሰማንያ ስድስትን ጠርዝ በጣቷ አሳየቻት። በእርሳስ፣ በዚያ በሚያውቁት ዘንበል ያለ ጽሕፈት ተጽፏል። «ቀጣዩ ገጽ የት ሄደ? መቀስ ትጠየቅ።»

ጎኑ ራይት አለ።

ሁለቱም ቧንቧው ሥር ተቀመጡ። ውሃው ይንጠባጠባል። ቁንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆየች።

«ስሚኝ» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። «ይደርቃል። ሲደርቅ ቦታው ላይ እንለጥፈዋለን። እኔ አነበብኩት፣ ከእንግዲህ ሌላውም ያነበዋል፣ አለቀ። እርሳሱን በላጲስ አጠፋዋለሁ። ማንም አያውቅም። እኔም አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

መቀስ አሰበችው። አለማሰብ አትችልም ነበር። እናቷ ያለችበትን የተዘጋ በር አሰበች። አባቷ ነገሩን ሲሰማ እንዴት እንደሚያያት አሰበች፤ ምናልባት ከእንግዲህ እንደ በፊቱ ላያያት ይችላል። ገጹን መለጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከእሷ የተሻለ የሚለጥፍ ደግሞ በከተማው የለም።

ግን ከዚያ በኋላ አሰልጣኙ መጽሐፉን ይገልጣል። እነዚያን ደረቅ ጣቶቹን ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ ያሳርፋል። «ይኸው፣ እዚህ አይደል እንዴ ያለው!» ይላል። ለሰፈሩ ይላል፣ ለትምህርት ቤቱ ይላል፣ አዲስ ልጅ ሊፈርም በመጣ ቁጥር ይላል። ወንድሟ ሳያነብ የፈረመ ልጅ ሆኖ ይቀራል። መጻሕፍቱን ሁሉ እስከ ጠርዛቸው ያነበበ ልጅ! ውሃው አንድ ጊዜ ወስዶታል፤ አሁን ደግሞ እሷ ቆርጣ ትጥለዋለች፣ ጥግ ጥጉን፣ ማንም እንዳያውቅ አድርጋ።

«ላጲሱን አትንኪ» አለች።

«መቀስ...»

«አንቺም አትፈርሚም። መጽሐፉን ስጪኝ።»

ቁንጫ ሰጠቻት።  መቀስ የትምህርት ቤቱን በር አልፋ እስክትወጣ ድረስ ቧንቧው ጋ ቆማ አየቻት።

የአባቷ ብየዳ ቤት ከገበያው ኋላ ነው። ከሩቅ ሰማያዊው ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ብልጭ ድርግም ሲል አየች። አባቷ ጭንብሉን አጥልቆ የአንድ የብረት በር ማዕዘን ላይ ጎንበስ ብሏል። ፍንጣሪው ጫማው ላይ ይዘንባል። ከአደጋው ወዲህ ከማለዳ እስከ ምሽት እንዲህ ነው፤ ጭንብሉን ከማውለቅ ሥራ መጨመር ይቀለዋል።

ትንሽ ሳሉ ሁለቱም እዚህ ይመጡ ነበር። «ብርሃኑን አትዩ!» ይላቸዋል አባታቸው፤ ወንድሟ ደግሞ ዐይኗን በመዳፉ ይሸፍንላትና እሱ በጣቶቹ መሃል ሰርቆ ያይ ነበር።

ቁራጭ ብረት ላይ ተቀመጠች። መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አደረገች። እርጥቡን ገጽ እንዳይቀደድ በሁለት መዳፏ መሃል ያዘችው። መሬት መሬቱን እያየች ብርሃኑ እስኪጠፋ ጠበቀች።

ጠፋ። የብረቱ ጫፍ ቀይ ሆኖ ቆየና ጠቆረ። አባቷ ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋው። ዐይኖቹ ሥር ላብ ነበር፤ ላብ ብቻ እንዳልሆነ አወቀች።

«ምነው ልጄ፣ ትምህርት የለም እንዴ ዛሬ?»

«አለ፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። መጽሐፉን ገጽ ሰማንያ ስድስት ላይ ገለጠችለትና፣ የቆረጠችውን እርጥብ ገጽ ጎኑ አኑራ፣ የወንድሟ እርሳስ የጻፈውን እስኪያነብ ድረስ ዐይኗን ሳትነቅል ጠበቀች።