የማርስ ቡሄ አውራጅ

ማርስ ላይ ቡሄ ሲደርስ ዝናብም ጭቃም የለም፤ ችቦውም ጭስ የሌለው መብራት ነው። ሕዝቡ ግን ከመስታወቱ ጣሪያ ሥር ጅራፉን እያጮኸ ይሰበሰባል፤ አንገቱ ላይም «አዋህድ» ይለጥፋል። አዋህድ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል መሣሪያ ናት። ዘፈኑን አጥርታ ለሁሉም ጆሮ ታደርሳለች፤ የየሰዉንም የልብ ምት ትለካለች። ጭፈራ ሲሞቅ የሺህ ሰው ልብ አብሮ ይመታል፤ ሰው ከሰው የሚዋደደውም ያኔ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ።

የሠራቻት ትርንጎ ናት። አባቷ አቶ ይገረሙ የከተማዋ አውራጅ ነበሩ፤ እሳቸው ግጥሙን ያወርዳሉ፣ ሕዝቡ «ሆ!» ብሎ ይቀበላል። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ትርንጎ ድምፃቸውን ቀዳች፣ ሳሉን ቆርጣ ጣለች፣ ለአዋህድ ሰጠቻት። አባቷንም ቁጭ ብለው ይዩ አለቻቸው፤ ደግ የሠራች መስሏት። እሳቸውም በርጩማቸውን ይዘው ዳር ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ በዓሉ እየቀዘቀዘ ሄደ። የልቦቹን መግጠም የሚያሳየው የአዋህድ መስመር በየዓመቱ ዝቅ፣ ዝቅ። በመጨረሻ ምክር ቤቱ፣ የዘንድሮውም ካልሞቀ ቡሄ ይቅር ብሎ ወሰነ።

በዚያው ዓመት፣ ጭፈራው መሀል፣ የአዋህድ ድምፅ ድርግም አለ። ልብ መለካቷን አላቆመችም፤ ዘፈኑ ግን ጠፋ። ሺህ ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ የሚያወርድ የለማ! ትርንጎ ላብ በላብ ሆና አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። አንገራገሩ፤ ኋላ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

ሁለት ስንኝ እንዳወረዱ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። ሳሉ። ማንም አልሳቀባቸውም፤ ሕዝቡ ዱላውን ወደ ላይ እንዳነሣ ጠበቃቸው። እንደ ምንም ስንኙን ሲጨርሱት «ሆ!» የሚለው ድምፅ ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ። ትርንጎ መስመሩን ብታየው፣ ልቦቹ የገጠሙት አባቷ ሲዘፍኑ ሳይሆን ሲጠበቁ ነው። ቡሄ ተረፈ።

ምነው እዚህ ላይ በቃኝ ባለች! የባለሙያ እጅ መች አርፎ ይቀመጣል? ያንን ሳልና ያንን ዝምታ ቀድታ አዋህድ ውስጥ ከተተችው፤ አባቷም ወደ በርጩማቸው ተመለሱ።

በዓመቱ አዋህድ በአቶ ይገረሙ ድምፅ አወረደች፤ በልኩ ቆመች፣ በልኩ ሳለች። ሕዝቡም በልኩ «ሆ!» አለ። የልቡ መስመር ግን ንቅንቅ አላለም። ትርንጎ ግራ ቢገባት ምን እንደጎደለ አባቷን ጠየቀች።

«ልጄ፣ ያኔ የጠበቁኝ አልጨርሰው ይሆን ብለው ሰግተው ነው» አሉ። «ለእሷ ማን ይሰጋል?»

ይህን ብለው ተነሡና በደከመ ጉሮሯቸው አወረዱ። ማንም አልሰማቸውም፤ የሰዉ ጆሮ ሁሉ አዋህድ በምታሰማው በራሳቸው በአቶ ይገረሙ ድምፅ ተሞልቷል። ትርንጎ አዋህዷን ከአንገቷ ላይ አነሣችና፣ እንባዋ እየወረደ፣ ብቻዋን «ሆ» አለች።