የሀይሉ ሆቴል የመጸዳጃ ቤት በር ምረቃ

«የተከበራችሁ የመርሳና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፤ በሀይሉ ሆቴል የተገጠመው፣ በዓይነቱ ለወረዳችን የመጀመሪያ የሆነው ባለአበባ የመጸዳጃ ቤት የመስታወት በር ምረቃ፣ በባለሙያው በአቶ ፍፁም ድንገተኛ ሞት ምክንያት ለቅዳሜ መተላለፉን በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን።»

ድምፅ ማጉያ የጫነችው ባጃጅ ከተማዋን ስትዞር ዋለች። ሐዘኑ ለሟቹ ይሁን ለበሩ የጠየቀ አልነበረም።

ከወልዲያ ለመጣችው ለኢንስፔክተር አልታየች ግን መጠየቅ ሥራዋ ነው።

ፍፁም የሳንድብላስት ባለሙያ ነበር። በኮምፕሬሰር የአየር ግፊት አሸዋ እየረጨ መስታወት ላይ አበባና ስም ያወጣል። አሸዋ ጠንካራውን ይበላል፣ ለስላሳውን ይምራል፤ ፕላስተር የተለጠፈበት መስታወት እንደነበረ ይቀራል። ሠራተኛው ማጅራቱ ላይ የሚታሰር ጭንብል ያጠልቃል፤ የሚተነፍሰው አየር ከውጭ በቱቦ ይገባለታል። ፍፁም የተገኘው ጭንብሉ እንደታሰረ፣ በቤቱ ግቢ ባለው የሥራ ክፍል ውስጥ ወድቆ ነው። ሐኪሙ «ታፍኖ ነው» ብሏል።

ፖሊስ ጣቢያው ጉዳዩን ከምሳ በፊት ጨርሶታል። አሸዋ አቅራቢው ዓሪፍ ከሟቹ ጋር በእርጥብ አሸዋ ሲጨቃጨቅ ስለታየ ገዳዩ እሱ ነው ተባለ፤ የግድያ ክስ ሊመሠረትበት ነው።

«ተጨቃጭቀናል፣ ወላሂ አልክድም» አለ ዓሪፍ፣ እጁ በካቴና እንደታሰረ። «እርጥብ አሸዋ ቧንቧው ውስጥ ሊጥ ይሆናል፤ አይተፋም። ስለዚህ እርጥቡን መልሼ ከግራና ከተማ ደረቁን አመጣሁለት። አራግፌ ስሄድ ደህና ነበር።»

«ማን አየህ?»

«አህዮቼ።»

«እነሱ ቃል አይሰጡም።»

«ቢሰጡ ኖሮ ከጣቢያው ሰዎች የተሻለ ይናገሩ ነበር።»

የሟቹ ሚስት እየሩሳሌም ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። «ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኮምፕሬሰሩ ይጮሃል፤ የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል» አለች።

«ጭንብሉን ማን ነበር የሚያስርለት?»

«የሥራ ጓደኛው ኤርሚያስ። አንዱ ሊሠራ ሲገባ ሌላው ያስርለትና የአየሩ ቱቦ ዘንድ ይቆማል። ደንባቸው ነው። ፍፁም ለሌላ ሰው ማጅራቱን አይሰጥም። አንድ ጡት ነው የጠቡት፤ የኤርሚያስ እናት ስትሞት ያሳደገችው አማቴ ናት። የዚያን ቀን ግን ኤርሚያስ ወልዲያ ነበር።»

አልታየች ወደ ክፍሉ ሄደች። በሩ ላይ ውስጡን ማያ ትንሽ ወፍራም መስታወት አለ። መሐሉ ሽምብራ በምታህል ቀዳዳ ተበስቷል። ጣቷን ሰደደች፤ ቀዳዳው በውስጥ በኩል ሰፊ፣ በውጭ በኩል ጠባብ ነው። መወርወሪያው የሚዘጋው ከውጭ ነው።

ኤርሚያስን ያገኘችው ግቢው ውስጥ ነው። መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ሌንሱ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው፤ የወርቅ ቅብ ፍሬሙ ግን ከፊት ለፊት ደብዝዟል።

«ፊትህን እንዲህ ምን ጫጫረው?»

«መላጫ ነው።»

«ግንባርም ትላጫለህ?»

«ፀሐይም አለበት።»

«ወልዲያ መቼ ሄድክ?»

«ማለዳ። ፕላስተር ልገዛ።» ፈገግ አለ። «ደግሞ እኔ ምን ልጠየቅ? በሩን የሠራው አቶ ፍፁም ነው፤ ባጃጇም ብላለች። እኔ ቱቦ ያዥ ነኝ።»

ቅዳሜ ሁሉም መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ተሰበሰቡ። ባለሆቴሉ ጋሽ ሀይሉ ሪባን ሊቆርጡ መቀስ ይዘዋል። አልታየች ካቴና ያልተፈታለትን ዓሪፍን ይዛ መጣች።

«ጋሽ ሀይሉ፣ መቀሱን ትንሽ ያቆዩልኝ» አለች። «የክፍሉን መስታወት የበሳው አሸዋ ነው፤ የተረጨውም ከውስጥ ነው። እርጥብ አሸዋ ግን አይተፋም። ስለዚህ ዓሪፍ ደረቅ አመጣሁ ያለው እውነት ነው፤ ጠቡ በዚያው አልቋል።»

«ፍፁም የራሱን መስታወት ለምን ይበሳል?» አሉ ጋሽ ሀይሉ።

«በሩ ከውጭ ተወርውሮ፣ አየሩ ተዘግቶበት ነዋ። ጭንብሉን በወፍራም ጓንት ሊፈታው አልቻለም። በእጁ የነበረው የአሸዋው ቧንቧ ብቻ ነው፤ ለመውጣት መስታወቱን በእሱ በሳ። ማጅራቱን የሚሰጠው ደግሞ ለአንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ኤርሚያስ ዞሩ።

«ያ ሰው ዘግቶ አልሄደም። በመስታወቱ ተጠግቶ ያይ ነበር። መስታወቱ ሲበሳ አሸዋው ፊቱ ላይ ተረጨ። ዓይኑን ያተረፈለት መነጽሩ ነው። ሁሉ ካለቀ በኋላ መወርወሪያውን ከፍቶ ወልዲያ ሄደ፣ ሌንሱን ቀየረ። ለፍሬሙ ግን ሳሳ።» ከኪሷ ሁለት ሌንሶች አወጣች፤ እንደ ወተት ነጥተዋል። «የወልዲያው መነጽር ሠሪ አልጣላቸውም። የመጣህበትንም ሰዓት ያስታውሳል፤ ማለዳ አይደለም።»

ኤርሚያስ መነጽሩን አወለቀ፤ አልጠረገውም።

«እያየኸው ነው የሞተው?» አለች እየሩሳሌም።

ወደ በሩ ሄደች። ከአበቦቹ ሥር፣ ጥግ ላይ፣ አንድ ፕላስተር ሳይላጥ ቀርቷል።

«ፍፁም ይሄን ሸፍኖ ‹ሲመረቅ እሱ ራሱ ይላጠው› ብሎኝ ነበር» አለችና በጥፍሯ ላጠችው።

መስታወቱ ላይ በነጭ ሁለት ስም ወጣ፦ ኤርሚያስና ፍፁም።

ጋሽ ሀይሉ መቀሱን ኪሳቸው ከተቱ። አልታየች የዓሪፍን ካቴና ፈትታ ለኤርሚያስ አጠለቀችው። እየሩሳሌም ፕላስተሩን በጣቷ እንደያዘች ፊቱ ቆመች።

«ስምህ የለም ብለህ ነው? ንገረኝ። ለምን?»

ኤርሚያስ ስሙን አየ፤ ከዚያ እሷን።

«አልናገርም።»