በእግሩ ነው የሄደው

«አንብቢና ፈርሚ» አላት አባቷ፣ ወረቀቱን ከንሺማ ገንፎው ሳህን አጠገብ እያስቀመጠ።

ናሙኮሎ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ስሟን በፖሊስ ወረቀት ላይ አይታ አታውቅም። ከስሟ ሥር «ስልክ ጠጋኙ ምዋፔ ከፖሊስ ሊያመልጥ ሲሮጥ፣ ከግንብ ወድቆ ጭንቅላቱን ሲመታ አይቻለሁ» ይላል።

«እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«አውቃለሁ።»

«በእግሩ ነው የሄደው፣ አባዬ። የፖሊሶቹ መኪና ላይ ራሱ ነው የወጣው። እንዲያውም ‹ስልክሽን ነገ ነይና ውሰጂ› ብሎኛል።»

አባቷ፣ መርማሪ ሉቢንዳ፣ በሩ ሥር መውጫውን ዘግቶ ያለው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሉሳካ ነፍሰ ገዳይ ሲያሳድድ ኖሯል። ምዋፔ ግን የሞተው ሉቢንዳ በሚሠራበት ጣቢያ ውስጥ፣ በባልደረቦቹ እጅ ነበር። አለቃው የልጅቷን ቃል ራሱ ጽፎ በአባቷ በኩል ላከላት።

«እምቢ ካልሽ አዛውረው ድንበር ጣቢያ ነው የሚወረውሩኝ» አለ። «ይሄ ቤትም የመንግሥት ነው። እናትሽንና ታናናሾችሽን የት ላድርጋቸው?»

«ሌላ ምስክር እንዲህ ቢዋሽህ ምን ታደርገዋለህ?»

«ምላስሽን ሰብስቢ።»

«ላብ በላብ እስኪሆን ታፋጥጠዋለህ። ራስህ ነህ የነገርከኝ።»

አባቷ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«የምዋፔ እናት ቲማቲም መሸጡን ትታ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች» አለች ናሙኮሎ። «ትምህርት ቤት ስሄድ አለች፣ ስመለስም አለች። ዛሬ ‹አይተሽዋል አሉ› አለችኝ። ዝም ብዬ አለፍኳት። ሁለተኛ ዝም ብዬ አላልፋትም።»

ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው መጻፍ ጀመረች። አባቷ ቀምቶ ይቀደዋል ብላ በክርኗ ከለለችው።

አልቀደደውም። ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «ሰዓቱን ጻፊ» አላት። «ሰዓት የሌለው ቃል ችሎት ፊት አይቆምም።»

«አሥር ሰዓት ከሩብ።»

«ታርጋውስ?»

ታውቀዋለች፤ ጻፈችው። ፈርማ አጠፈችና ተነሳች።

«ለአለቃህ አይደለም» አለችው። «ለእናቱ ነው የምሰጠው።»

ሉቢንዳ ልጁን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ተነስቶ በሩን የዘጋውን ወንበር ወደ ጎን አደረገላት።