ከላይኛው ረድፍ የተሰቀለ ስም

ምሥጋናው ሲፈለግ አድሮ ጠዋት የተገኘው ከእህል መጋዘኑ ውስጥ፣ ከበሩ ሥር ነው፤ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ ጣቶቹን መዝጊያው ላይ እንዳደረገ። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። ስንጥቁ ሁሉ በጭቃ ተመርጓል፤ ውስጡ የነቀዝ መድኃኒት ተደርጎበታል። የበሩ ቁልፍ ያለው ደግሞ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ በመጋዘን ጠባቂዋ በሰርካለም።

እማማ አመተ ጊዮርጊስ ሬሳውን አንዴ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ለሞተው ነፍስ ይማር ይባላል። እሳቸውን ያንቀጠቀጣቸው የቆመችው ናት፤ ከእናቷ ሞት ወዲህ በእቅፋቸው ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ሰርካለም።

«ዝም በይ» አሏት በጆሮዋ። «ጠየቁሽ አልጠየቁሽ፣ ዝም በይ።»

«እምዬ፣ እኔ እኮ ምንም...»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

መሸሻም አልነበረም። ከብልባላ ወደ ላሊበላ የሚወስደውን መንገድ ናዳ ዘግቶታል። ፖሊሶቹም ከወዲያ ማዶ መኪናቸውን ትተው ጭቃውን በእግር ነው ያቋረጡት። ግቢው እንደደረሱ ኢንስፔክተር የሺሃረግ ዘበኛውን ደባሱን በሩን አስዘጋችው። «ፍሬ ለዘር» የገበሬዎች ማኅበር ግቢ ያን ዕለት የከብት በረት ሆነ። ጉሙ ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል። በቢሮው መስኮት ብረት በኩል ቢያዩ ነጭ ነገር እንጂ ሰማይ የለም። የማኅበሩ ኮሚቴ አባል በመሆናቸው ምርመራው ላይ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው፤ ባይፈቀድላቸውም አይወጡም ነበር።

ኢንስፔክተር የሺሃረግ አጭር ናት፣ ድምፅዋም ዝግ ያለ። ወንበር ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ጭቃ በእንጨት ስባሪ ትፍቅ ጀመር።

«በሩን የቆለፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች ሰርካለም።

«ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች? እሷ...»

«እማማ፣ አክብሬ ነው ያስቀመጥኩዎት። እሷን ስጠይቅ እርስዎ ከመለሱልኝ ግን ጉሙ ውስጥ አስቀምጥዎታለሁ።»

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«ሰው መኖር አለመኖሩን ሳታይ ትቆልፊያለሽ?»

«ሚስማሩን አይቻለሁ። ባዶ ነበር።»

የሚስማሩን ነገር ማስረዳት ጊዜ ፈጀባት። ምሥጋናው የለውጥ መሪ ሆኖ የተላከው በክረምቱ መግቢያ ነው፤ የማኅበሩን አሠራር እንዲያሻሽል። እሱ ሳይመጣ በፊት አንድ ገበሬ አንድ ኩንታል ዘር ለመውሰድ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ይውል ነበር፤ እሱ ጉዳዩን ሁሉ ባንድ መስኮት አደረገው። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛውን ከበረንዳው ሥር አቁሞ ያነጋግራል። ለያንዳንዱም ስሙ የተጻፈበት ትንሽ እንጨት ሰጠው። እንጨቶቹ ቢሮው መተላለፊያ ካለው ሰሌዳ ላይ ይሰቀላሉ። መጋዘን የሚገባ የራሱን አንሥቶ ከመጋዘኑ በር ሚስማር ላይ ያንጠለጥላል፤ ሲወጣ ወደ ሰሌዳው ይመልሳል። ሚስማሩ ላይ እንጨት ካለ በሩ አይቆለፍም።

«ዱሮ ግን ይጠራ ነበር» አሉ እማማ፣ መቻል አቅቷቸው። «የሚዘጋው ሰው፣ 'ሰው አለ ወይ? በጊዮርጊስ፣ ሰው አለ?' ብሎ ሦስቴ ሳይጣራ አይዘጋም። አባቶቻችን ጎተራም ሲዘጉ እንዲያው ነው። እኔ ይሄን አታስቀሩ ብዬ ነበር። 'እማማ፣ ዝናብ ሲመጣ ድምፅ ይጠፋል፤ ሚስማር አይጠፋም' አለኝ፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ይታሸጋል ተባልን» አለች ሰርካለም። «ዝናቡ ሲጀምር እኔና የሚዛኑ ጋሽ አረጋ ከሚዛን ቤቱ ጥላ ሥር ጭቃ እናቦካ ነበር። በረዶም ጣለ። ጋብ ሲል ጭንብላችንን አድርገን ሄድን፤ ሚስማሩ ባዶ ነው። መድኃኒቱን ከፊት ከፊት አስቀምጠን ወጣን፣ ቆለፍኩ፣ አብረን መረግነው። እሱ ከኋላ፣ ከዘሩ ክምር ጀርባ ነበር ለካ። ዝናቡም በረዶውም መልሶ ጠና...»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ሥራሽ ከሚዛኑ ጋር ሊጣመር ነው አለኝ፤ በሰው ፊት ተቆጣሁት።»

እዚህ ላይ እማማ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ የቆለፍኩት! ቁልፏን ሰርቄ እኔ ነኝ! እኔን ውሰዱ!»

የሺሃረግ ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። «እማማ፣ ያንን መቀርቀሪያ ለመድረስ እኔም በጣቴ ጫፍ ቆሜያለሁ። እርስዎ መሰላል ይዘው ሄዱ? ይቀመጡ በሞቴ።»

ቀጥሎ የገባው ሚዛን ሠራተኛው አረጋ ነበር፤ ጎልማሳ፣ አፉ የማያርፍ።

«ሟቹን ትወደው ነበር?»

«መጀመሪያ ጠላሁት። እኔ እኮ ፊርማዬ ካልታከለበት ዘር ከዚህ ግቢ አይወጣም ነበር፤ ንጉሥ ነበርኩ! ፊርማዬን ሻረብኝ። ኋላ ሳየው ገበሬው ለካ ሲረግመኝ ኖሯል፤ አሁን ሰላም ይለኛል። ወደድኩት እንጂ።» ሣቀና ወዲያው ዓይኑ እንባ ሞላ። «ትናንት ጠዋት እንኳ ቀልጄበታለሁ።»

«በምን?»

«በዚያ ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ ሚስማሩ ብዙ ነው፣ ለመኸር ተሸካሚዎች ተብሎ፤ በክረምት አብዛኛው ባዶ ነው። ኃላፊዎች ከላይኛው ረድፍ፣ ተሸካሚ ከታች። ትናንት ጠዋት ሁላችን ቆመን ሳለ የራሱን ስም ከላይ አውርዶ ከታች ሰቀለው። 'ሹመትህ ወረደ!' አልኩት። 'ጋሽ አረጋ፣ መጋዘን የሚገባ ሁሉ ተሸካሚ ነው' አለኝ። እኛም የየራሳችንን አውርደን ከታች ሰቀልን። ዛሬ ሳየው ግን ስሙ መልሶ ከላይ ወጥቷል። ሐሳቡን ቀየረ ይሆን ብዬ...»

የጫማው ፍቀት ቆመ። ለእማማ የዝናብ መቆም መሰላቸው፤ ከዚያ እንጨቱ እንደገና ቀጠለ።

ዘበኛው ደባሱም ስለ ሰሌዳው ሳይጠየቅ ይህንኑ አነሣ። ሌላም ጨመረ፤ ዝናቡ መሐል ላይ ከመጋዘኑ ወደ ቢሮው የሚሄድ ጃንጥላ አይቷል። «ጃንጥላውን እንጂ ሰውየውን አላየሁም፣ እሜቴ። በረዶው ዓይን አያስገልጥም።»

በመጨረሻ የገባው ሥራ አስኪያጁ አቶ አድማሴ ነበር። ሱፉ ላይ ጠብታ ጭቃ የለም። ገብቶ ቀድሞ እጅ የነሣው ለእማማ ነው።

«አይዞዎት እናቴ። ፍርድ ቤቱ ልጅነቷን ያይላታል።»

እማማ ነጠላቸውን አጠበቁ። ፍርድ ቤት!

«ይህ የለውጥ ሥራ በማን ነበር የሚመራው?» አለች የሺሃረግ።

«በእኔ ነዋ። እሱ አማካሪ ነው። ከላይ አመራሩ ካልያዘው ለውጥ አይሠራም፤ ይህን ሁልጊዜ እናገራለሁ።»

«የጠዋቱ ስብሰባ ላይ ይገኛሉ?»

«አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅ።»

«ትናንትም?»

«ትናንትም። ከምሳ በኋላ ግን ከቢሮዬ አልወጣሁም። ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ወይ ልጅቷ በቂም ቆልፋበታለች፣ ወይ እሱ ራሱ እንጨቱን ከሰሌዳው ሳያነሣ ዘሎ ገብቷል። ራሱ ያወጣውን ደንብ ራሱ ረስቶ!»

ሲወጣ እማማ የኢንስፔክተሯን እጅጌ ያዙ። «ትወስጂያታለሽ?»

የሺሃረግ ከኪሷ መሐረብ አውጥታ ፈታችው። ውስጡ እፍኝ ስንዴ አለ። «ከሟቹ ኪስ ያገኘሁት ነው። ምንድን ነው ይሄ፣ እማማ?»

እማማ አንዷን ፍሬ በጥፍራቸው ጫኗት፤ ዱቄት ሆነች። ሆዷ ባዶ ነው። «ነቀዝ የጨረሰው ነው። ይሄ ለዶሮም አይሰጥ።»

«ምርጥ ዘር ተብሎ ከተሰፋ ከረጢት ነው የዘገነው። ከረጢቱን ራሴ አይቼዋለሁ።»

እማማ ዓምና በሐምሌ የዘሩት ማሳ ዓይናቸው ላይ መጣ። ማሳው ሳይበቅል ቀረ። ጎረቤቱም፣ እስከ ኩልመስክ ድረስ ያለው ሰው በሰማይ አመካኘ፤ ኃጢአታችን ነው ብሎ እግዚኦ አለ። ዱቄቱን ከጣታቸው አራገፉ።

ከዚያ የሺሃረግ ሁሉንም ወደ መተላለፊያው ጠራቻቸው። ጠባብ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ቆሙ። እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ከግድግዳው ሰሌዳው ተሰቅሏል፤ ከላይኛው ረድፍ ሁለት ስም ብቻ አለ፣ አድማሴ እና ምሥጋናው። የምሥጋናውን አነሣችና በእጇ ያዘችው።

«አቶ አድማሴ፣ ኃላፊ እርስዎ ነዎት። እባክዎ ከቦታው ይስቀሉልን።»

አድማሴ ተቀብሎ ከራሱ ስም ጎን ሰቀለው። ደባሱ ጉሮሮውን ጠራረገ። አረጋ ዓይኑን ከመሬት ተከለ።

«ቦታው እዚያ ነው?»

«ከመጀመሪያውም እዚያ ነው።»

«ሰርካለም፣ አንቺስ?»

ሰርካለም እንጨቱን ከላይ አውርዳ ከታችኛው ረድፍ አንጠለጠለችው። «ትናንት ጠዋት እዚህ አደረገው። ሁላችንም ነበርን።»

«ከአንድ ሰው በቀር» አለች የሺሃረግ።

አድማሴ ፈገግ አለ። «አሁን ሲያነሡት ከላይ ስለነበር መልሼ ከላይ ሰቀልኩት። ይህ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። በቅደም ተከተል እንሂድ። ምናልባት ምሥጋናው እንጨቱን ሳያነሣ ገብቷል ብለውኛል። እንጨቱን እዩት፤ የስሙ ቀለም ወደ ታች ፈስሷል። ዝናብ ነክቶታል። ይህ መተላለፊያ ደግሞ ደረቅ ነው። የሟቹ ጫማ ንጹሕ፣ ልብሱም ደረቅ ነው፤ የገባው ከዝናቡ በፊት ነው። ስለዚህ እንጨቱ ከመጋዘኑ በር ነበረ፤ በዝናብ ይዞት የመጣው ሌላ ሰው ነው።»

«ልጅቷ!»

«ልጅቷና ጋሽ አረጋ ዝናቡ ከጀመረ አንሥቶ አልተለያዩም። ይሁን፣ ተማክረው ይዋሹኛል እንበል። የራሳቸውን እንጨት ከየት ሰቀሉት? ከታች፣ ከአዲሱ ቦታ። የራሱን ስም ባዲሱ ሥርዓት የሰቀለ እጅ የሟቹን ስም በአሮጌው አይሰቅልም። ሳይታይ ለማለፍ የፈለገ ሰው እንጨቱን የሚመልሰው ይገባዋል ብሎ ከሚያምንበት ቦታ ነው። ጋሽ አረጋና ደባሱ ስሙን ከላይ ባዩት ጊዜ ግራ ገብቷቸዋል፤ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። እርስዎን ግራ ያልገባዎት ትናንት ጠዋት ስላልነበሩ ነው።»

«ነበርኩ ብያለሁ!»

«ኧረ አቶ አድማሴ!» አለ አረጋ ድንገት። «መቼ ነው መጥተው የሚያውቁት? እኛን 'ቁሙ' አሉ እንጂ መቼ አብረውን ቆሙ?»

የሺሃረግ መሐረቡን ፈታች። «ለውጡ የሁሉንም መንገድ ነክቷል፤ የዘሩ አገባብ ብቻ በእርስዎ እጅ ቀርቶ ነበር። ምሥጋናው ከመታሸጉ በፊት ያንን ሊያይ ገባ። ስሙ በሩ ላይ እስካለ ማንም አይቆልፍብኝም ብሎ አመነ።»

አድማሴ ስንዴውን አየ። ከዚያ የሰዎቹን ፊት አየ፤ ሁሉም ገበሬ ነው፣ ሁሉም ዓምና ዘርቷል። ወደ ኋላው ሊያፈገፍግ ቢል ግድግዳ ነው።

«ምሳ ላይ ነገረኝ» አለ። «'ነቀዝ የበላውን ምርጥ ዘር ብለው እንዳስገቡ ለእሑዱ ጉባኤ ራስዎ ይናዘዙ፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ' አለኝ። በገዛ ማኅበሬ! እንጨቱን ያነሣሁት ይደንግጥ ብዬ ነው... ይጮኻል፣ ይከፍቱለታል ብዬ...»

«መድኃኒቱ እንደሚገባ እያወቁ?»

የሺሃረግ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች። ካቴናው ጠቅ ሲል ተሰማ።

እማማ የቀረውን አልሰሙም። ልጃቸው ነፃ ናት! «ነይ፣ ነይ ቤታችን፤ ሰው ሳያይሽ፣ ብርድ ሳይመታሽ...» እያሉ ሰርካለምን በረንዳው ድረስ ጎተቷት። ደባሱ የግቢውን በር ከፍቶታል፤ ጉሙም ገለጥ ብሎ የአሸተን ማርያም ተራራ ከሩቅ ጥቁር ሆኖ ብቅ ብሏል። ሰርካለም ግን እደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ እንጂ ልጄ! አለቀ እኮ!»

«ሰምቼ ነበር፣ እምዬ።»

«ምኑን?»

«ስንመርገው። ውስጥ የሚመታ ነገር ሰማሁ። ጋሽ አረጋን 'ምንድን ነው?' አልኩት፤ በረዶው ቆርቆሮውን ነው አለኝ። እኔም በረዶ ነው አልኩ። በጭቃ እጄ... ደፈንኩት።»

የእማማ አፍ «ዝም በይ» ሊል ተከፈተ። ፖሊሶቹ ገና ከግቢው አልወጡም፤ የሺሃረግ መተላለፊያው ላይ ቆማለች፣ ትሰማ ይሆናል። እማማ ወደዚያ አዩ፤ ወደ ክፍቱ በር አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው እርጥቡ ደረጃ ላይ ከልጅቱ ጎን ተቀመጡ።

«ንገሪኝ» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ሁሉንም ንገሪኝ።»