የኩርማት የመጨረሻ ምሰሶ

የሰሊን ወንዝ አንድ ጠዋት ቀልቶ ተገኘ። ደም አልነበረም፤ ደም ቢሆንማ በረጋ ነበር። የዛገ ብረት የታጠበበት የሚመስል፣ ምላስ ላይ የሚያኮማትር፣ ዳር ያለውን ድንጋይ ሁሉ ቡናማ ልባስ ያለበሰ ውሃ ነበር። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው ተንሳፈፉ። ከብቶቹ ጠጡና በማግስቱ እንደተንበረከኩ ቀሩ። የናብሩት ቤተ መንግሥት ራእይ ተርጓሚ ወንዙ ዳር ቆሞ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ቀይ የድል ቀለም መሆኑንና ንጉሥ ዛጎን በቅርቡ ታላቅ ድል እንደሚቀዳጁ አስታወቀ። እሱ የሚጠጣው ከንጉሡ ጓዳ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነበርና ትርጓሜው አልከበደውም።

ከዚያ ሕፃናቱ መታመም ጀመሩ።

ናብሩት የብረት አገር ነበረች። የጥንቶቹ አባቶች ኩርማት ከተባለው ተራራ ግርጌ አረንጓዴ ድንጋይ ለቅመው በፍም ላይ ቢያቀልጡት መዳብ ወጣላቸው፤ ተአምር ነው ብለው ለሴቶቻቸው አምባር ሠሩበት። ልጆቻቸው ለቀማው አልበቃቸው ብሎ ቆፈሩ። የልጅ ልጆቻቸው ድንጋይ በእሳት ግሎ ውሃ ሲደፋበት እንደሚሰነጠቅ ተማሩና እየሰነጠቁ ወደ ተራራው ሆድ ገቡ። ወናፍ የሠራው ትውልድ ደግሞ ከመዳብ አልፎ ብረት አቀለጠ፤ ለከሰል ሲልም ደኑን ጨረሰ። በዛጎን ዘመን በናብሩት ዛፍ ማየት የፈለገ ሰው በቤተ መንግሥቱ መጋረጃ ላይ የተጠለፈውን ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ቆፋሪዎቹ ግን አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ተራራው ውስጥ የሞተ ቆፋሪ ወደ ውጭ አይወጣም። በሞተበት ስፍራ ይቀበራል፤ በላዩ ያለው ማዕድን ሳይነካ ከወለል እስከ ጣሪያ ምሰሶ ሆኖ ይተውለታል፤ ምሰሶውም በሟቹ ስም ይጠራል። በዚያ ያለፈ ሁሉ በመዳፉ ነካ አድርጎ «እንዴት ዋልክ?» ይለዋል። ሙታኑ በዚህ ዓይነት ጣሪያውን ለሕያዋን ተሸክመው ኖሩ።

ዛጎን ከጎረቤት መንግሥት ጋር ጦር ሲገጥሙ ማዕድኑ እየሳሳ ነበር። ያን ጊዜ ንጉሡ አዋጅ አስነገሩ፦ «ሙታንም የዙፋናችን አገልጋዮች ናቸው፤ ብረታቸውን ያስረክቡ!» ምሰሶዎቹ ተራ በተራ ተቆርጠው ጎራዴ ሆኑ። ቆፋሪዎቹም እምቢ አላሉም። እያንዳንዱ የራሱን አባት ትቶ የባልንጀራውን አባት ቆረጠ፤ ባልንጀራውም የሱን ቆረጠ። እንዲህ ተጠንቅቀው፣ ማንም በገዛ አባቱ ላይ እጁን ሳያነሣ፣ አባቶቻቸውን ሁሉ ጨረሱ። አንድ ምሰሶ ብቻ ሲቀር ጣሪያው ማቃሰት ስለጀመረ መዶሻቸውን ጥለው ወጡ።

ሸክሙ የበዛበት ተራራ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ከሥሩ ያለውን ዋሻ ሰነጠቀው። በዚያ ከዓለም መጀመሪያ አንሥቶ ተኝቶ የነበረ ጎምዛር የሚባል ዘንዶ ነቃ። ምሰሶዎቹ ወደተቆረጡበት ወደ ሙታኑ አዳራሽ ወጥቶ በተጠራቀመው ውሃ ውስጥ ተጋደመ፤ ከቆዳው የሚወጣው ላብም ውሃውን መርዞ ወደ ሰሊን ለቀቀው። ንጉሡ ምርጥ ወታደሮቻቸውን ላኩበት። ትንፋሹ ሲነካቸው ጎራዴዎቹ በእጃቸው ላይ ቀይ ዱቄት ሆነው ረገፉ። የተመለሱት ጥቂቶች ባዶ እጀታ ይዘው ነበር።

ያ የቀረው ምሰሶ የማርዳ አባት ነበር። ማርዳ ከተራራው ደጃፍ ማዕድን እየለየች የምትኖር ወጣት ሴት ስትሆን፣ ባሏ ጉርማን ወናፍ ነፊ ነበር፤ ኑሪት የምትባል ድክ ድክ የምትል ልጅ አለቻቸው። ኑሪት ቀዩን ውሃ ጠጥታ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ሆዷ ተነፍቶ ተኝታለች። የጎረቤቶቻቸው ልጆች ተራ በተራ ሲቀበሩ ማርዳ ከእያንዳንዱ ቀብር ሮጣ እየተመለሰች የልጇን ትንፋሽ ታዳምጥ ነበር። ወንዙ ካልጠራ ኑሪት እንደምትሞት ታውቃለች፤ ሌላ ውሃ የለም፤ ደኑ ካለቀ ወዲህ ዝናቡም አኩርፎ ቀርቷል።

ወደ ቤተ መንግሥት ሄዳ ከዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ» አለች፤ «ብረት ያልገደለውን ድንጋይ ይገድለዋል። የአባቴን ምሰሶ በእሳት አግዬ ልሰንጥቀው። ተራራው በጎምዛር ላይ ይውደቅ፤ ማዕድኑም ለዘላለም ይዘጋ።»

ንጉሡ ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው «ለአገር የተደረገ መሥዋዕት በዙፋናችን ዘንድ አይረሳም። የሚያስፈልግሽን ጠይቂ፤ አንነፍግሽም» አሏት።

«እንጨት፣ ንጉሥ ሆይ። እነዚህ የቤተ መንግሥቱ በሮች የጥንት ዝግባ ናቸው።»

«በሮቻችን የመንግሥታችን ክብር ናቸው» አሉ ንጉሡ ቶሎ ብለው። «ቡራኬያችንን ግን እንሰጥሻለን።»

ቡራኬ አይነድም። ማርዳ እጅ ነሥታ ወጣች። ወሬውን የሰሙት የቆፋሪ ቤቶች ግን ሳይለመኑ የየራሳቸውን በር ነቀሉ። በር የሌለው አልጋውን፣ አልጋ የሌለው የጣሪያውን ወራጅ አመጣ። ልጅ የሞተባቸው የልጃቸውን መተኛ ሣጥን ይዘው መጡ። ቆፋሪዎቹ ይህን ሁሉ ተሸክመው እስከ ሙታኑ አዳራሽ አወረዱ፤ የዘንዶው ትንፋሽ ሳል ሲያስይዛቸው ግን አራግፈው ወደ ላይ ሸሹ። ማንም አልወቀሳቸውም።

ሦስት ሰዎች ቀሩ፤ ማርዳ፣ ጉርማንና አባ ሙርጋ። አባ ሙርጋ ዕድሜያቸውን ሁሉ ድንጋይ በእሳት ሲሰነጥቁ የኖሩ፣ ቅንድባቸው ተቃጥሎ ያለቀ ሽማግሌ ነበሩ። ከመውረዳቸው በፊት እጃቸውን በባልና ሚስቱ እጆች ላይ ጭነው «ውሃውን የሚደፋ ሰው አይወጣም» አሏቸው። «የጋለ ድንጋይ ውሃ ሲያገኝ ጊዜ አይሰጥም። የምደፋው እኔ ነኝ። ሙታን በተሸከሙልኝ ጣሪያ እምላለሁ፤ እናንተም ትታችሁኝ እንደምትወጡ ማሉልኝ።» ሁለቱም ማሉ።

አዳራሹ ሰፊ ነበር። የተቆረጡት ምሰሶዎች ጉቶ ብቻ ሆነው በየቦታው ቀርተዋል። ወለሉን የሸፈነው ቀይ ኩሬ ውስጥ የጎምዛር ጀርባ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዘንዶው ጠግቦ ተኝቷል። በመካከል ያ አንድ ምሰሶ ቆሟል። ማርዳ ጠጋ ብላ መዳፏን አሳረፈችበት።

«አባባ፣ እንዴት ዋልክ?» አለች። «አንድ ጊዜ ሞተሃል። ሁለተኛውን እኔ ላደርስብህ መጣሁ። ይቅር በለኝ።»

ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር።

በሮቹን ዙሪያውን ደርድረው አነደዱ። ጉርማን ወናፉን ይነፋል፤ ማርዳ እንጨት ታቀብላለች፤ አባ ሙርጋ ከወንዙ የተቀዳውን ቀይ ውሃ የያዘ ትልቅ እንስራ አቅፈው የድንጋዩን ቀለም ይመለከታሉ። «ገና ነው» ይላሉ። «ገና ነው ልጆቼ፣ አትቸኩሉ።» ጭሱ መውጫ አጥቶ ከጣሪያው ወደ ታች ወረደ። ምሰሶው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎም ደም መሰለ። ያኔ ጎምዛር ዓይኑን ገለጠ።

ዘንዶው ሲነሣ ኩሬው ተናወጠ፤ ትንፋሹም ከጭሱ ጋር ተደባልቆ መጣ። አባ ሙርጋ እንስራውን አንሥተው አንድ እርምጃ ተራመዱና በግንባራቸው ተደፉ። እንስራውን ከመሬት ሳይደርስ የቀለበው ጉርማን ነበር።

«ወደኔ አምጣው!» ብላ ጮኸች ማርዳ። «አባቴ ነው፣ እኔ ነኝ የምደፋው!»

«ሽማግሌውን ጎትቺና ውጪ።»

«ጉርማን፣ ስጠኝ አልኩህ!»

«አንቺ ሴት፣ ኑሪት ሲያማት የምትጠራው ማንን ነው?» አላት። ደፋር አልነበረም፣ ሆኖም አያውቅም፤ በጉብዝናው ወራት እንኳ ከአባቷ ፊት መቆም ፈርቶ እሷን ለማጨት ወንድሙን የላከ ሰው ነው። «አንድም ቀን እኔን ጠርታኝ አታውቅም። ሂጂ፣ በእናትሽ ሂጂ፤ እጄ ሳይዝል።»

ማርዳ ሄደች። በኋላ በሕይወቷ ሙሉ ያንን ቅጽበት ስታስበው፣ ተከራክራ ተሸንፋ ሳይሆን ልጇ ትዝ ብላት እንደሄደች ታውቅ ነበር፤ ይህም ከሁሉ በላይ ያንገበግባት ነበር። አባ ሙርጋን በብብታቸው ይዛ ዳገቱን ጎተተቻቸው። ከኋላዋ ዘንዶው ሲያጓራ፣ ከዚያም ጉርማን ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንዴት ዋልክ፣ አባባ!» ሲል ሰማች። ውሃው ቸስ አለ። ድንጋዩ ጮኸ። ተራራው በሙሉ አንድ ጊዜ ወደ ታች ተቀመጠ፤ የአቧራው ግፊት ሁለቱን ከዋሻው አፍ አውጥቶ ሜዳው ላይ ጣላቸው።

ኩርማት ጫፉን አጥቶ ጎድጓዳ ሆኖ ቀረ። ጎምዛር ዳግመኛ አልተሰማም። የዋሻው አፍ ተደፍኖ የተመረዘው ውሃ መፍሰሱን አቆመ፤ ወንዙም ቅላቱ ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ከዚያ ድንጋዩን እስኪያሳይ ድረስ ጠራ። ይህ እስኪሆን ግን ስንት ሕፃን ሄደ። አባ ሙርጋ ድነው፣ መሐላቸው በሌላ ሰው ነፍስ ስለተፈጸመ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡ ነበር፤ በር ስላልነበራቸው ከመንገድ ይታያሉ። ራእይ ተርጓሚው ትንቢቱ መድረሱን አስታውሶ ተሸለመ።

ኑሪት ግን ተረፈች። እግሯ ቀጥኖ፣ ጸጉሯ ሳስቶ ተረፈች። ማርዳ ወንዙ በጠራ ጊዜ አዝላት ወረደች፤ ከዳር አስቀምጣም በእፍኟ ውሃ ቀዳችላት። ልጅቷ አፏን ስታስጠጋ ከላይ፣ ሰሊን ከሚመነጭበት ከራማት ተራራ በኩል፣ የነጋሪት ድምፅ መጣ። ማርዳ ቀና አለች። የንጉሡ አዋጅ ነጋሪ ከቆፋሪዎች መካከል ቆሞ በኩራት ይጮኻል፤ በራማት ግርጌ አረንጓዴ ድንጋይ ተገኝቷል፣ ክንድ ያለው ሁሉ ዶማውን ይዞ ይውጣ፣ ንጉሡ አምባር ይሸልሙታል። ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ መሬት መሬት አዩ፤ ልጆቻቸውን የቀበሩ፣ በሮቻቸውን ያቃጠሉ፣ ከዚህ ሥራ ሌላ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ከዚያ አንዱ ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገ፤ ሌላውም ተከተለው።

ኑሪት የእናቷን እፍኝ ጨርሳ ከንፈሯን ላሰች።

«በቃኝ» አለች።

ማርዳ እንደገና ቀዳች። ውሃው በጣቶቿ መካከል ያመልጥ ነበር።

«ጠጪ» አለቻት፤ «ጠጪ ልጄ፣ ሳይደፈርስ ጠጪ።»