የቀኝ ፍሬቻ

ልዑልሰገድ የሞተው ፍርድ ቤት ሊቀርብ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ሞተር ብስክሌቱ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላ ወገን ወድቀዋል። አንዲት መንገደኛ ነጠላዋን አልብሳዋለች። የክስ ፋይሉ በፌስታል ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ እንደታሰረ ነው፦ ከሳሽ ልዑልሰገድ፣ ተከሳሽ ጋሹ። ወንድማማቾች ናቸው። የሚካሰሱበት የአባታቸው አሮጌ ፒክአፕ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። አንድም ጭረት የለውም።

ዋና ሳጅን አምለሰት በመጀመሪያ ያነጋገረችው ከፊት የመጣውን የእህል መኪና ሾፌር ነው። «ከፒክአፑ ጀርባ ድንገት ወጣብኝ» አለ። «ፒክአፑ የቀኝ ፍሬቻ ያበራ ነበር። እለፍ ቢለው ነው እንጂ፣ ጤነኛ ሰው እንዲያ አይወጣም።»

በዚህ መንገድ ይህን የማያውቅ የለም። ከፊት ያለው ሾፌር መንገዱ ነጻ ሲሆን ቀኙን ያበራል፤ እለፍ ማለት ነው። ግራውን ካበራ ቆይ ማለት ነው። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ አይጠየቅም፤ ሁሉም ግን ነፍሱን አደራ ይሰጠዋል።

«እኔ ያበራሁት ግራውን ነው» አለ ጋሹ። «ቆይ ነው ያልኩት።»

በማግስቱ ፒክአፑን ራሱ ወደ ፍኖተ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ ይዞ መጣ። «ይኸው፣ ይመልከቱ ሳጅን! ግራ ስለው ቀኝ ይበራል። ከትናንት በስቲያ ማብሪያውን የጠገነው ይታገሱ ነው። ወንድሜን የገደለው መካኒክ ነው።»

ይታገሱ ታሰረ፤ ቡሬ ያለው ጋራዡም ታሸገ። ቀደም ሲል ከሟች ጋር በሞተሩ ጥገና ተሰዳድበው ነበርና ከስህተት የባሰ ነገር የጠረጠሩም አልጠፉም። የወንድማማቾቹ እናት እማማ ማሚቱ በየቀኑ ከጣቢያው በር ላይ እየተቀመጡ፣ «እጅህ ይቆረጥ!» ይሉታል። በር ጠባቂው ሰዓት የሚለየው በእሳቸው ሆነ።

«ምኑ ነበር የተበላሸው?» አለችው አምለሰት ይታገሱን።

«ማብሪያው ውስጥ ያለችው የመዳብ ምላስ ተበልታ ግራውም ቀኙም እምቢ ብሎ ነበር። ከሌላ አሮጌ ማብሪያ አውጥቼ ቀየርኩለት። ሽቦዎቹን ቀጠልኩ። ጋሹ ከመሪው ሆኖ ሲያበራልኝ አራቱንም መብራት እየዞርኩ አየሁ። ትክክል ነበር።»

«ከጋሹ ሌላ ማን አየ?»

«ማንም።»

«ጥሩ ምስክር መርጠሃል። ደግሞ ሽቦ ስትቀጥል ናስትሮ ታበዛለህ።»

ሰውዬው እናቱን የሰደቡበት ያህል ቀና አለ። «እኔ? ናስትሮ ክረምት ሲገባ ይላቀቃል! እኔ ቅጥያ የማሽገው ጧፍ አቅልጬ፣ በሰም ነው። ቡሬን ይጠይቁ፤ የቤተ ክርስቲያን ኤሌክትሪሺያን ነው የሚሉኝ።»

አምለሰት ግቢ ወጥታ ከፒክአፑ መሪ ሥር ጎንበስ ብላ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ የሟችን ሚስት ሠርክአዲስን አነጋገረች።

«ባሌ ፈሪ ነበር» አለች ሠርክአዲስ። «ከፊት ያለው ካላሳየው የአህያ ጋሪ እንኳ አያልፍም።»

«ወንድሙን ያምነው ነበር?»

«እየተካሰሱም በዓል ሲሆን አንድ ማዕድ ነበር የሚበሉት። ክሱ የመኪናው እንጂ የእነሱ አይመስለውም ነበር።»

ከዚያ አምለሰት ወደ ቡሬ መውጫ ሄደች። አሽከርካሪዎች ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚሰጡበት ቦታ አለ። ሽማግሌው ክንፈሚካኤል ጥላ ይዘው ከመንገዱ ቀኝ ቆመዋል። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ የእሳቸው መልስ ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

በስምንተኛው ቀን ሁሉንም ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ፒክአፑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ከመሪው ሥር ስምንት ቅጥያ አለ» አለች። «ስድስቱ በሰም ታሽገዋል። ሁለቱ፣ የግራና የቀኝ ፍሬቻ ሽቦዎች፣ በናስትሮ። እነሱም ናቸው የተሳሳቱት።» ናስትሮውን ላጠችው። «ከሥሩ ሰም አለ። እነዚህም መጀመሪያ በሰም ታሽገው ነበር፤ በኋላ ነው ተፈትተው የተለዋወጡት።»

«ራሱ ይታገሱ ነዋ!» አለ ጋሹ። «መኪናው ከጋራዥ ሳይወጣ አፍርሶ ቀጥሎት ይሆናላ!»

«እኔም ይህን ፈራሁ። አባቴ፣ እስቲ ያዩትን ይንገሩን።»

ክንፈሚካኤል ጥላቸውን ተደገፉ። «የሚሰጥ ሰው ወደ እኔ ለመጠጋት ቀኝ ያበራል። ያን ጊዜ እሮጣለሁ። ካላበራ እግሬን አላደክምም፤ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት የዚህ ፒክአፕ ቀኝ ብልጭ አለና ሮጥኩ። ይኸው ጋሹ መስታወቱን አውርዶ ሰጠኝና፣ ፍርድ ቤት እየሄድኩ ነው፣ ጸልዩልኝ አለኝ። ጸለይኩ።»

«ይህ ልዑልሰገድ ከመሞቱ ሃያ ደቂቃ በፊት ነው» አለች አምለሰት። «ሽቦው ያኔ ተለዋውጦ ቢሆን ቀኝ ሲል የሚበራው ግራው ነበር፤ አባቴም አይሮጡም። እንግዲህ ማብሪያው ከይታገሱ እጅ ደህና ወጥቷል። ዳገቱ ላይ የበራውም ቀኝ፣ ጋሹ ቀኝ ስላለው ነው። ከዳገቱ ጫፍ ወዲያ የሚመጣውን የሚያየው እሱ ብቻ ነበር። የእህል መኪናው ሾፌር ቀኙን ማየቱን ሲሰማ፣ መኪናው እሱ ግቢ ባደረባት አንድ ሌሊት ሽቦውን አለዋወጠ።»

ወደ ጋሹ ጠጋ አለች።

«ከአባ ክንፈሚካኤል ስነሳ ማጥፋቱን ረሳሁ ብትል ኖሮ ምን እልህ ነበር? እንደ መዘንጋት ይያዝልህ ነበር። አንተ ግን የሚታሰርልህ ሰው ፈለግህ።»

ጋሹ የፒክአፑን ኮፈን እንደ በሬ ጀርባ ደባበሰው።

«ባያልፍ ይችል ነበር» አለ በመጨረሻ። «አመነኝ እኮ።»

ሠርክአዲስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ይታገሱን ለቀው ጋሹን በካቴና አስረው ወሰዱት።

ማሚቱ አላለቀሱም። ወደ ይታገሱ ዞሩ። ይቅርታ የሚጠይቁት መስሎት፣ «ግድ የለም እማማ» ሊል አፉን ከፈተ።

«አንተ ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ» አሉት። «ሁለት ሦስት ዓመት ታስረህ ብትወጣ ምን ነበረበት? እኔ እኮ አንድ ነበር የቀረኝ።»

አምለሰት ከጣቢያው ግድግዳ ላይ የምታነበው ነገር ፈለገች።

«እውነትዎን ነው» አለ ይታገሱ። ዘንቢላቸውን አነሳላቸው፤ ክንዳቸውን ይዞም ወደ መናኸሪያ አብሯቸው ሄደ። የቡሬው ሚኒባስ ሊወጣ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቶታል። እሳቸውን አስቀመጠና እሱ እስከ ቡሬ አጎንብሶ ቆመ።