ቸልተ-ኝነት

አቶ መኩሪያ የተገኙት ከሕንፃው ጀርባ፣ የወረቀት ቁርጥራጭ በሚከመርበት ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። ከአራተኛው ፎቅ ሰገነት ላይ ነው የወደቁት። መነጽራቸው ከአንገታቸው ክር ጋር እንደታሰረ ተሰባብሯል። ቀኝ እጃቸው ክዳን የሌለው ቀይ እስክሪብቶ እንደጨበጠ ቀርቷል።

ኢንስፔክተር አሰገደች ዱጉማ መካኒሳ አቦ የደረሰችው ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ጓንቷን አጥልቃ የሟችን አውራ ጣት ነካች። ጓንቷ ቀላ። ደም መስሏት ጠጋ ብላ አየችው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ነው።

«ራሳቸውን ጣሉ ነው የሚባለው» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን ኢስማኢል። «ጠረጴዛቸው ላይ ደብዳቤ ተገኝቷል።»

«ማን ነው እንደዚህ የሚለው?»

«እዚህ ያሉት ሁሉ።»

እዚያ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ማተሚያ ቤቱ ትንሽ ነው፤ ማሽኑ ምድር ቤት፣ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ባለቤቷ ወይዘሮ እፀገነት፣ ገጽ የሚያቀናብረው ሚሳኤል፣ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ኑሪ፣ ሟቹ አራሚ አቶ መኩሪያ። ሌላ ሠራተኛ የለም።

ደብዳቤው በኮምፒውተር ተጽፎ የታተመ ነው፤ ፊርማ የለውም።

*ስሕተቱን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። በእኔ ቸልተ-*
*ኝነት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ድርጅቱ*
*ጥፋት የለበትም። ይቅር በሉኝ።*

ኢንስፔክተሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን በላስቲክ አድርጋ ወደ ሰገነቱ ወጣች።

እላይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ከወንበሩ አጠገብ የተከፈተ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል፤ ሽሮው ገና ግማሽ ድረስ አልተበላም። የእስክሪብቶው ክዳን ምሳ ዕቃው ጎን መሬት ላይ ወድቋል። የሰገነቱ ግንብ ከጉልበት ብዙም ከፍ አይልም። አሰገደች ወንበሩን ዞረች፣ ጥጋጥጉን ሁሉ ፈተሸች፣ ቁልቁል ግቢውን በዓይኗ አሰሰች።

«ምን ጠፋ?» አለ ኢስማኢል።

«ወረቀት» አለችው።

* * *

ወይዘሮ እፀገነት አርባዎቹን የጀመረች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገር ሴት ናት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ማንገቻውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች።

«አባቴ ይህን ቤት ሲከፍት የመጀመሪያው ሠራተኛ እሳቸው ነበሩ» አለች። «ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ ስለይ ከረሜላ ይሰጡኝ ነበር።»

«ደብዳቤው ስለምን ስሕተት ነው የሚያወራው?»

«ለግል ክሊኒኮች አንድ የሕክምና መምሪያ አትመን ነበር። ገጽ አርባ ሰባት ላይ ለወላዶች የሚሰጥ መርፌ አለ። መጠኑ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሊትር ነው። በቁጥር ሲጻፍ አንድ፣ ጭረት፣ ሁለት ነው። ጭረቷ ጠፍታ ታተመ።»

«አሥራ ሁለት ሆነ።»

«አዎ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ላፍቶ ውስጥ ሲና የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ወለደች። ነርሷ አዲስ ናት፤ መጽሐፉ ላይ ያየችውን ወጋቻት።» አንገቷን ደፋች። «ሕፃኑ ተርፏል። ሰኞ አጣሪ ቡድን ይመጣል። ጋሼ ያንን መጋፈጥ አቅቷቸው ነው።»

«ምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ቢሮዬ። ላፕቶፔ ላይ ደብዳቤ እየጻፍኩ።»

«ሌላ ሰው ይጠቀምበታል?»

«ላፕቶፔን? ማንም አይነካውም። የምስጢር ቁጥሩንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ሚሳኤል በበኩሉ ከኮምፒውተሩ ፊት አልተነሳም። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ዓይኖቹ በለቅሶ አብጠዋል።

«ጭረቷን ያጠፋኋት እኔ ነኝ» አለ ገና ሳይጠየቅ። «መጽሐፉን ለማሳመር ብዬ ፎንቱን ቀየርኩት። አዲሱ የአማርኛ ፎንት ውስጥ ያቺ ረጅም ጭረት የለችም። ሌላው ፎንት የሌለው ምልክት ሲገጥመው ባዶ ሳጥን ያሳያል፤ ዓይን ይይዘዋል። ይሄኛው ዝም ብሎ ይውጠዋል። አንድና ሁለት ተጣበቁ።»

«አቶ መኩሪያ አላዩትም?»

«ጋሽ መኩሪያ?» ቀና አለ። «እሳቸው ነጥብ ስትዛባ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። ግን ገጽ አርባ ሰባት ምንም ቀይ ምልክት ሳይኖረው ነው እኔ ጋ የደረሰው። መጀመሪያ እሳቸው ያርማሉ፣ ከዚያ ወይዘሮ እፀገነት ታያለች፣ መጨረሻ እኔ አስተካክላለሁ። እንዴት እንዳለፈቻቸው አልገባኝም።»

«ምሳ ሰዓትስ?»

«እዚሁ ነበርኩ። ብቻዬን። ያየኝ የለም።»

አሰገደች ደብዳቤውን አሳየችው። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ምን አየህ?»

«ኧረ ምንም… ይቺ ጭረት።» ቸልተ ከሚለው ቀጥሎ ያለችውን አመለከተ። «የመስመር መጨረሻ ላይ ቃል ሲቆረጥ የምትገባው። እሳቸው ይጠሏታል። ‹የአማርኛ ቃል እንደ ሥጋ አይቆረጥም› ይላሉ። ገና እዚህ ስቀጠር ነው ኮምፒውተሬ ላይ ያዘጉኝ። በእሷ ጉዳይ ከሁላችንም ጋር ስንት ጊዜ ተጣልተዋል!»

«የእሳቸውስ ኮምፒውተር ይቆርጣል?»

«አይቆርጥም። ቃሉ ካልበቃው ሙሉውን ወደ ታች ያወርደዋል።»

ኑሪ ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ ነበር። ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ሲመለስ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። አብሮት የሰገደው ጎረቤት ባለሱቅ ይህንኑ አረጋገጠ። ኑሪ ጥቁር ቀለም የጠጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ ጥቂት አመነታ።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ትናንት ጋሽዬ አንድ ወረቀት ሰጥተውኛል። ‹ቀለም እንዳይነካው፣ እስከ ሰኞ አኑርልኝ› አሉኝ። እኔ ማሽን እንጂ መድኃኒት አላውቅም፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።»

ከልብስ ሳጥኑ አውጥቶ ሰጣት። ገጽ አርባ ሰባት ነው። አሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር በቀይ ተከቧል። ከጎኑ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ጭረት ጠፍቷል! 1–2 ነው እንጂ 12 አይደለም። ሳይስተካከል እንዳይታተም።» ቀኑ መጽሐፉ ከመታተሙ ከአራት ቀን በፊት ነው።

«ሁልጊዜ ሁለት ኮፒ ነው የሚያርሙት» አለ ኑሪ። «አንዱን ለወይዘሮ፣ አንዱን ለራሳቸው።»

* * *

አሥር ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ ሦስቱን በእርማት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የአቶ መኩሪያ ኮት ገና ወንበራቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የሕንፃው ሦስት ኮምፒውተሮች፣ የሟች፣ የሚሳኤልና የእፀገነት ላፕቶፕ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ሚሳኤል፣ ደብዳቤውን በሦስቱም ላይ ጻፈው። ፎንቱም፣ የፊደሉ መጠንም፣ የመስመሩ ስፋትም እንደ ደብዳቤው ይሁን። ወይዘሮ እፀገነት፣ የእርስዎን ይክፈቱለት።»

እፀገነት ቁጥሩን ስትመታ አንድ ጊዜ ተሳሳተች። እንደገና መታች።

ሦስት ወረቀቶች ታተሙ። አሰገደች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«አቶ መኩሪያ ራሳቸውን አልገደሉም» አለች። «ሊሞት የወጣ ሰው ምሳውን ከፍቶ አይበላም፤ ሲወድቅም እስክሪብቶ አይዝም። ክዳኑ ምሳ ዕቃው ጎን ነው የተገኘው፤ ጣታቸው ላይ ያለው ቀለም አልደረቀም ነበር። እየበሉ ሳለ አንድ ሰው ወረቀት ሰጣቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ፣ ጻፉበት። ያ ወረቀት ሰገነቱ ላይ የለም፤ ግቢውም ውስጥ የለም። ወስዶታል፣ ያመጣው ሰው።»

አሰገደች በላስቲክ ያለውን ደብዳቤ አነሳች።

«ደብዳቤው ስሕተቱን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ ይላል። ውሸት ነው። አቶ መኩሪያ ስሕተቱን በጊዜው ይዘውታል።» የኑሪን ወረቀት አነሳች። ሚሳኤል ሲያየው እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ይህ ምልክት ሚሳኤል ጋ አልደረሰም። ከአቶ መኩሪያና ከእሱ መሀል የቀረ ነው።»

«እኔ ጋ አልመጣም» አለች እፀገነት። «ረስተውት ይሆናል።»

«ይሆናል። ስለዚህ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው እንይ። ጸሐፊው አቶ መኩሪያን በደንብ ያውቃቸዋል። ሕይወት የሚለውን በሐመሩ ሐ ነው የጻፈው፣ እሳቸው እንደሚጽፉት። ግን ራሱን ሊያጠፋ የተነሳ ሽማግሌ ‹ድርጅቱ ጥፋት የለበትም› ብሎ ለመጻፍ ምን አስቸኮለው? ይህ የስንብት ቃል አይደለም። ሰኞ ለአጣሪ የሚቀርብ የምስክር ወረቀት ነው።» ጣቷን ጭረቷ ላይ አሳረፈች። «ይህቺን ደግሞ ጸሐፊው አልጻፋትም። ማሽኑ ነው የጨመራት። ፊደሎቹን እንጂ የመስመሩን መጨረሻ ልብ አላለውም። የሟች ኮምፒውተር ቸልተኝነት የሚለውን ሙሉውን ወደ ታች አውርዶታል። የሚሳኤልም እንደዚያው። የቆረጠው አንድ ብቻ ነው።»

ሦስተኛውን ወረቀት ገለበጠችው። ቸልተ፣ ጭረት፣ ከታች ኝነት።

«ባለፈው ወር ነው አዲሱን ፕሮግራም የጫንኩላት» አለ ሚሳኤል በደከመ ድምፅ። «መቁረጡን አልዘጋሁትም። እሷ መጽሐፍ አታቀናብርም፣ ምን ያደርጋል ብዬ።»

«ላፕቶፕዎን ከእርስዎ በቀር የሚነካው እንደሌለ ነግረውኛል» አለች አሰገደች። «ከመጣሁ ጀምሮ ደግሞ ያንን ቦርሳ ከጭንዎ አላወረዱትም።»

እፀገነት ቦርሳዋን ከፍታ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው እጇን ሰበሰበች።

ያው ጽሑፍ ነው፤ «ይቅር በሉኝ» የሚለው ብቻ የለበትም። በእሱ ቦታ የፊርማ መስመር አለ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በቀይ ተሰርዟል። ኅዳጉ ላይ «ያላሳለፍኩትን አሳለፍኩ አልልም። የእኔን ተዪው፤ መጻሕፍቱን አስመልሺ» ይላል። የመጨረሻዋ ፊደል ጭራ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ተስባለች።

«ምልክቱን አይቼዋለሁ» አለች እፀገነት። «ጭረት የሚል ቃል አየሁ። ያ የተለመደው ጣጣቸው መሰለኝ፤ ቃል ተቆረጠ፣ አልተቆረጠ። የማተሚያው ፕሌት ሊሠራ ነው፣ ደንበኛው ታች ቆሟል። ገጹን አውጥቼ ንጹሕ ኮፒ ተካሁበት። ቁጥሩን… ቁጥሩን አላነበብኩትም።»

«ከዚያስ?»

«ልጅቷ ስትሞት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ‹ሰኞ እውነቱን እናገራለሁ፣ አንቺም አብረሺኝ ተናገሪ› አሉኝ። ዛሬ ወረቀቱን ወሰድኩላቸው። ጡረታ የደረሰ ሰው ማን ያስራል፣ ለአባቴ ቤት ሲሉ ይፈርማሉ ብዬ። ተነስተው፣ ጎንበስ ብለው ግንቡ ላይ አስደግፈው ሰረዙት፤ ኅዳጉ ላይ ጽፈው ሊጨርሱ ሲሉ ነጠቅኳቸው። አልለቅም አሉ። ገፋኋቸው። ሲወድቁ አልጮሁም። ወርጄ ይቅር በሉኝ የሚለውን ጨመርኩበት። እሱን እኔ ነበርኩ ማለት የነበረብኝ።»

ኑሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚሳኤል የጋሽ መኩሪያን ወንበር ይዞ ቁጭ አለ። ሳጅን ኢስማኢል ካቴናውን ሲያወጣ እፀገነት እጇን ራሷ ዘረጋችለት።

አሰገደች ግን አሁንም ቀዩን ጽሑፍ ነበር የምታየው።

«መጻሕፍቱ ተመልሰዋል?» አለች።

እፀገነት ከበሩ ላይ ቆመች። «አልተመለሱም። ብመልስ ማመን ይሆንብኛል ብዬ…»

«ስንት ናቸው?»

«አምስት መቶ» አለ ሚሳኤል። ከወንበሩ ብድግ ብሏል። «ለሠላሳ ስድስት ክሊኒክ ነው የተከፋፈሉት። ዝርዝሩ አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ ዝርዝሩን ለሁለት ቀደደችው። ግማሹን ለሚሳኤል ሰጠችና ግማሹን ራሷ ይዛ ስልኳን አወጣች። ኑሪ እያንዳንዱን ስም በቀለም በጠቆረ ጣቱ እየተከተለ፣ መልስ የሰጠውን ይሰርዝ ጀመር። ገጽ አርባ ሰባትን ቅደዱት፣ አሥራ ሁለት የሚለው ስሕተት ነው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ነው፤ ይህንኑ ደጋግመው ተናገሩ። አንዳንዱ አመሰገነ፣ አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዱ መጽሐፉን ገና ከካርቶን አላወጣነውም አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሀና ማርያም ያለ አንድ ክሊኒክ ብቻ ቀረ። ሁለት ጊዜ ደውለው አልተነሳም። በሦስተኛው አንዲት ሴት አነሳች። ከበስተጀርባዋ ምጥ የያዛት ሴት ድምፅ ይሰማል።

«ቶሎ በሉ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

ሚሳኤል ስለ ገጽ አርባ ሰባት ነገራት። ከወዲያኛው ጫፍ የሚሰማው የሴትየዋ የምጥ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ሄሎ? ሰምተሽኛል?»

«ሰምቼሃለሁ» አለች ነርሷ። «ቆይ… ቆይ መርፌውን ላስቀምጠው።»